አትላንታ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2014፦ 2.6 ኢንች በረዶና ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ያደሩበት ሌሊት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አትላንታ ኤርፖርት ላይ የተለካው በረዶ 2.6 ኢንች ነበር፤ ወደ 6.6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በሰሜኑ ግዛት በሚኒሶታ ይህን ያህል በረዶ ልጅ ከትምህርት አያስቀርም። አትላንታና አካባቢዋ ግን ከ2 ሺህ በላይ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው አደሩ። ልጆች የጫኑ አውቶቡሶች መንገድ ላይ ቆመው መሸባቸው፤ የጆርጂያ ፖሊስ ከ1 ሺህ በላይ የመኪና አደጋ መዘገበ፤ በማግስቱም የናሽናል ጋርድ ወታደሮች በወታደራዊ መኪና (ሃምቪ) ልጆችን ወደየቤታቸው አደረሱ። የዚያ ወቅት የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ነበር።

ይህን ጉዳይ «የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች በረዶ አያውቁም» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። አባባሉ የጉዳዩን ዋና ነገር ስለሚሸፍን ጎጂ ነው። ትንበያው ደርሶ ነበር፤ በሰዓቱ ነበር፤ መጠኑም ቢሆን ብዙም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ውሳኔ ሰጪዎቹ «ስንት ኢንች ይወርዳል?» ሲሉ አደሩ። ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ጥያቄ ደግሞ «ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል? በዚያ ሰዓት ልጆቹ የት ናቸው?» የሚል ነው። ከዚህ በታች ጉዳዩን በዚህ መንገድ እንየው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ትንበያው ምን አለ፣ መቼ አለ

ለአትላንታ አካባቢ ትንበያ የሚያወጣው ፒችትሪ ሲቲ የሚገኘው የብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ቢሮ ነው። የክረምት ማስታወቂያዎቹ በሦስት ደረጃ ይወጣሉ። «ክትትል» የሚባለው ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ማሳሰቢያ» ይመጣል፣ ነገር ግን መጠኑ ከከባዱ ደረጃ ያነሰ ነው፣ ተጠንቀቁ ይላል። «ማስጠንቀቂያ» ደግሞ ይመጣል፣ አደገኛ ነው፣ ግድ ካልሆነባችሁ አትውጡ ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ክትትሉ ወጥቷል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ዋናው በረዶ ከከተማዋ በስተደቡብ ይወርዳል የሚለው ግምት ሚዛን ደፋ፤ ለአትላንታ አካባቢም ማሳሰቢያ ወጣ። የመጀመሪያው ወጥመድ እዚህ ላይ ነበር። ክትትል የነበረው ወደ ማሳሰቢያ ሲለወጥ አብዛኛው ሰው «ቀለለ» ብሎ ይተረጉመዋል። በእርግጥ ግን «ሊመጣ ይችላል» የነበረው «ይመጣል» ሆኗል። መጠኑ ቢያንስም እርግጠኛነቱ ጨምሯል። ለአውቶቡስ ደግሞ አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ በ1 ኢንችና በ2 ኢንች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 9፡38 ላይ (በአሜሪካ ሰዓት 3፡38) ቢሮው ማስታወቂያውን ከፍ አድርጎ ለመላው የአትላንታ አካባቢ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከ1 እስከ 2 ኢንች በረዶ እንደሚጠበቅ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ሊወርድ እንደሚችል፣ በበረዶ የተሸፈኑ መንገዶችም ጉዞን አስቸጋሪ ወይም የማይቻል እንደሚያደርጉት በግልጽ ተጽፏል። በኋላ የጆርጂያ ገዥ ናታን ዲል በረዶው ያልተጠበቀ እንደነበር ሲናገሩ፣ የአሜሪካን ሜትዮሮሎጂ ማኅበር በ2013 የመሩት የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርሻል ሼፐርድ የማስታወቂያዎቹን ሰዓት ዘርዝረው፣ ትንበያው በጊዜ መሰጠቱን በአደባባይ ሞገቱ። ገዥውም ሐሙስ ዕለት ይቅርታ ጠይቀው ኃላፊነቱን ራሳቸው ወሰዱ።

እንግዲህ ከሌሊቱ 9፡38ን እንያዘው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮች ወደ ግቢ የሚገቡት ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራትና የአደጋ መውጫ በር ለማየት 15 እና 20 ደቂቃ ይወስድባቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች 12 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ይወጣሉ። ስለዚህ «ዛሬ ትምህርት የለም» ለማለት የመጨረሻው ሰዓት ከንጋቱ 10፡30 እና 11 መካከል ነው። ማስጠንቀቂያው ከወጣ በኋላ የቀረው ጊዜ 1 ሰዓት ትንሽ ቢያልፈው ነው። ጠባብ ነው፣ ግን ነበረ። ሌሊቱን ተረኛ መድቦ የትንበያ ገጹን በየ30 ደቂቃው የሚያይ ሰው ያለው የትምህርት ዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ትምህርት ቤቶቹ እንደወትሮው ተከፈቱ።

ቀትር ላይ የሆነው

በረዶው ከረፋዱ በኋላ፣ ቀትር ሲቃረብ ከተማዋ ላይ መውረድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የግል ድርጅቶች አንድ ላይ ሠራተኛና ተማሪ አሰናበቱ። ወትሮ ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተከፋፍሎ የሚወጣው መኪና በአንድ ጊዜ መንገዱን ሞላው። የአትላንታ ከንቲባ ካሲም ሪድ በኋላ ያመኑት ስህተት ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የግል ድርጅት፣ በመጨረሻ መንግሥት እየተባለ በየተራ መለቀቅ ነበረበት።

በየተራ ይለቀቅ የሚለውን ማን ይወስን? የአትላንታ ከተማ አስተዳደር የሚያዘው ከአካባቢው ሕዝብ ጥቂቱን ብቻ ነው። ዙሪያውን ፉልተን፣ ዲካልብ፣ ኮብ፣ ግዊኔትና ሌሎች ካውንቲዎች አሉ፤ በየካውንቲው የራሳቸው ከንቲባ ያላቸው ከተሞች አሉ። በእያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት የራሱ ሱፐርኢንተንደንት (ዋና ኃላፊ) ብቻውን ይወስናል። ትልልቆቹን ሃይዌዮች የሚጠርገው የጆርጂያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሲሆን የውስጥ መንገዶቹ የከተማና የካውንቲ ናቸው። አንዱ ዲስትሪክት ቀድሞ ቢወስን እንኳ የሌሎቹ መኪና ያው መንገድ ላይ ነው።

ጨውና አሸዋ የሚበትኑት መኪናዎች ምን ሆኑ ቢባል ሰልፉ ውስጥ ተያዙ። በሕግ፣ ከተማ ውስጥ ጉዳይ የሌላቸው ተሳቢ መኪኖች በመካከል ማለፍ አይፈቀድላቸውም፤ በቀለበቱ መንገድ በአይ-285 ይዞራሉ። ቀለበቱ ዳገትና ቁልቁለት አለው። ጭነት የያዘ ተሳቢ ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ ከበረዶ ላይ መነሳት አይችልም፤ የኋላ ጎማው ይሽከረከራል፣ ተሳቢው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ሁለትና ሦስት መስመር ይዘጋል። ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀራል፤ ጨው የጫነውም፣ አምቡላንሱም፣ ቢጫው አውቶቡስም።

መንገዱ እንዴት ወደ ግግር ተለወጠ

ይህን ነጥብ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ትንሽ በረዶ ከተማን የሚዘጋበት ምክንያት እዚህ ውስጥ ነውና።

ከአርክቲክ የመጣው አየር በረዶውን ቀድሞ ስለገባ በረዶው ሲወርድ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይበልጥ ወረደ። እንዲህ ያለ በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፤ ነፋስ ይገፋዋል፣ ሲረግጡት ይቦናል። ለብቻው ቢተው ብዙም አያንሸራትትም። የሚያበላሸው መኪና ሲቆምበት ነው። የጎማው ሙቀት፣ የሞተሩና የጭስ ማውጫው ትኩሳት ከሥር ያለውን ስስ ሽፋን ያቀልጠዋል፤ መኪናው 3 ሜትር ፈቀቅ ሲል የቀለጠው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይረጋል። ቀጣዩ መኪና ይደግመዋል። መኪናዎች በ60 ማይል ቢጓዙ ኖሮ በረዶው ይበተን ነበር፤ እየቆሙ በመሄዳቸው ግን መንገዱን ራሳቸው ወለወሉት። ድልድይና ከመንገድ በላይ የሚያልፍ ማቋረጫ ላይ ይብሳል፤ አየር ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው መሬት ላይ ካለው አስፋልት ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

ጨውም በዚህ ሙቀት አቅሙ ያልቃል። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 1 ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ያህል በረዶ ያቀልጣል። ከዜሮ በታች 7 ላይ ያው 1 ኪሎ 9 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀትር ላይ በቂ የነበረ ጨው ማታ አምስት እጥፍ ያስፈልገዋል፤ መኪናው ደግሞ ተመልሶ መጫን አይችልም። የሚሻለው በረዶው ከመውረዱ በፊት 23 ከመቶ ጨው ያለው ውሃ መርጨት ነው። ለአንድ መስመር በኪሎ ሜትር 100 ሊትር ገደማ ይበቃል። ውሃው ደርቆ አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ የመጀመሪያው በረዶም ከመንገዱ ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ይህ የሚሠራው ግን በረዶው በዝናብ ካልጀመረ ነው፤ ዝናብ ከቀደመ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል። በዚያን ዕለት አትላንታ ላይ በቀጥታ በረዶ ነው የወረደው፤ ቀድሞ ለመርጨት የሚያመች ሁኔታ ነበር ማለት ነው።

የአውቶቡሱ ሂሳብ

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለ ሰው «በረዶ ሲጀምር ልጆቹን ቶሎ ይልቀቋቸው» ይላል። የአውቶቡስ ስምሪት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

አብዛኛው ዲስትሪክት አንድን አውቶቡስና አንድን ሾፌር ለሁለት ወይም ለሦስት ትምህርት ቤት ነው የሚጠቀምበት። መጀመሪያ የአንዱን ልጆች ያደርሳል፣ ተመልሶ የሁለተኛውን፣ ከዚያ የሦስተኛውን ይጭናል። የትምህርት ቤቶች የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚለያየውም በዚሁ የተነሳ ነው። ቀድሞ ለማሰናበት ሲወሰን ሾፌሮቹ በቀኑ መካከል ሌላ ሥራ ላይ ወይም ቤታቸው ናቸው፤ ጠርቶ ማሰባሰብ 1 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዙር ደረቅ መንገድ ላይ 1 ሰዓት ያዙ። በድምሩ 4 ሰዓት። ይህ ምንም ሳይበላሽ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። በረዶው የጀመረው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው እንበል። የመጨረሻው ልጅ በረዶው ሳይጀምር ቤት እንዲገባ ውሳኔው በረዶው ከመጀመሩ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መሰጠት ነበረበት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ልጆቹ ገና ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው! ስለዚህ በዚያ ቀን «ቀድሞ ማሰናበት» የሚባል አማራጭ ከጅምሩ አልነበረም። ያለው አማራጭ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት መዝጋት፣ ወይም ከፍቶ ልጆቹን ለማሳደር መዘጋጀት ብቻ ነበር።

«2 ሰዓት ዘግይቶ መክፈት» የሚለው የተለመደ ውሳኔም እንዲሁ ነው። ሌሊት ወርዶ ንጋት ላይ ለቆመ በረዶ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ መንገድ ጠራጊዎቹ ጊዜ ያገኛሉ፣ ጨለማው ይገፋል። ቀትር ላይ ለሚመጣ በረዶ ግን ልጆቹን ወደ አደጋው ሰዓት ያቀርባቸዋል። በጆርጂያ አውቶቡሶች ላይ ደግሞ የጎማ ሰንሰለት የተለመደ አይደለም። ሙሉ መጠን ያለው አውቶቡስ ሲጫን ከ11 እስከ 16 ቶን ይመዝናል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከያዘ በኋላ መቆሙ በሾፌሩ እጅ አይደለም። ሾፌሩ ልጆችን እንደያዘ መንገድ ዳር አቁሞ እርዳታ መጠበቁ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ በዚያች ምሽት እንዲህ ያደረጉ ሾፌሮች ሊመሰገኑ ይገባል።

በርሚንግሃም፦ ትንበያው ራሱ ሲስት

በዚያው ቀን፣ በዚያው በረዶ፣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ አላባማ ውስጥ የሆነው ይለያል። ለበርሚንግሃም የተነገረው መሬቱን ነካ የሚያደርግ፣ ጉዞ የማያውክ ብናኝ ነበር፤ ዋናው በረዶ በስተደቡብ እንደሚሆን ታመነ። ነገር ግን የበረዶው ሰሜናዊ ጠርዝ ከተጠበቀው በላይ ወደ ላይ ተዘረጋ፣ ወደ 2 ኢንች ወረደ። በአላባማ ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው አደሩ። በአካባቢው እጅግ የሚታመኑት የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ባለሙያ ጄምስ ስፓን ትንበያቸው መሳቱን ሳያድበሰብሱ ጽፈው ይቅርታ ጠየቁ።

ለምን ሳተ? ደቡብ ላይ በረዶ የሚወርደው ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየርና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው እርጥበት ሲገጣጠሙ ነው። ቀዝቃዛው አየር ደረቅ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን በረዶ መሬት ሳይደርስ ያተነዋል። ደረቁ ንብርብር ምን ያህል ጊዜ ይቋቋማል የሚለውን የትንበያ ሞዴል (የኮምፒውተር ስሌት) በትክክል መያዝ ይቸግረዋል። ከተጠበቀው 2 ሰዓት ቀድሞ ከረጠበ፣ ራዳር ላይ ብቻ የነበረው በረዶ መሬት ይደርሳል። በጠርዙ 50 ኪሎ ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ማለት ለአንድ ከተማ ምንም ወይም 2 ኢንች ማለት ነው።

እኛ ከበርሚንግሃም የምንወስደው፣ በጠርዝ ላይ ያለ ከተማ የራሱን ቁጥር ብቻ ማንበብ እንደሌለበት ነው። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለው ጎረቤት የተሰጠውን ትንበያ ይመልከትና ያ በረዶ እኔ ላይ ቢወርድስ ብሎ ይጠይቅ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ በሚሆንበት የሥራ ሰዓት «ብናኝ» የሚለው ቃል ማንንም ማረጋጋት አልነበረበትም፤ ግማሽ ኢንች በዚያ ቅዝቃዜ መንገድ ለመዝጋት ይበቃል።

የመዝጋት ዋጋና ያለመዝጋት ዋጋ

ሱፐርኢንተንደንቶች በከንቱ መዝጋትን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ጆርጂያ ውስጥ ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ነው። የቀን ደመወዝተኛ ወላጅ ልጁን ለመጠበቅ ከሥራ ይቀራል። ቁርስና ምሳውን ከትምህርት ቤት የሚያገኝ ልጅ ያን ቀን ምናልባት አይበላም። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ሁሉም ይወቅሳል።

በአየር ትንበያ ሙያ ለዚህ የታወቀ ስሌት አለ። የመዝጋቱ ዋጋ ለአደጋው ኪሳራ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የውሳኔው መስመር ነው፤ የበረዶው ዕድል ከዚያ ከበለጠ መዝጋት ያዋጣል። ልጆችን መንገድ ላይ ማሳደር በከንቱ ከመዝጋት 10 እጥፍ ይከፋል ካልን፣ ዕድሉ 10 ከመቶ ሲደርስ መዝጋት አለብን ማለት ነው። 10 እጥፍ ነው ወይስ 4 እጥፍ የሚለውን ግን የአየር ትንበያ ባለሙያው አይመልስም። ዲስትሪክቱ በኦክቶበር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ከወላጆችና ከሾፌሮች ጋር ተቀምጦ መወሰን አለበት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በግማሽ እንቅልፍ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ልጆቹ ያደሩባቸው ሕንፃዎች

ከተሳካው ነገር ትልቁ ይህ ነው፤ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና የወጥ ቤት ሠራተኞች ከልጆቹ ጋር ቀሩ፣ አበሏቸው፣ በጂምናዚየም ምንጣፍና በመጻሕፍት ክፍል አስተኟቸው። ማንም እንዳያድር የተሠራ ሕንፃ ግን በሌሊት ችግር ይዞ ይመጣል። የማሞቂያ ሥርዓቱ በአብዛኛው ምሽት ላይ በራሱ ሙቀት እንዲቀንስ ስለተሞላ፣ ሰዓቱን የሚቀይር ሠራተኛ ወይም የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በስልክ መገኘት አለበት። መድኃኒት ሌላው ነው። ነርሷ ዘንድ የሚቀመጠው የቀን መድኃኒት ነው፤ ማታ ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የማታው መድኃኒት ቤቱ ነው። ለእንዲህ ያሉ ልጆች የ24 ሰዓት መድኃኒት ከወላጅ ተቀብሎ በትምህርት ቤቱ ማስቀመጥ የሚቻል ነገር ነው፤ የሐኪም ፊርማና በየሴሚስተሩ የሚታይ ማብቂያ ቀን ብቻ ይጠይቃል። ምግብን በተመለከተ 500 ተማሪ ላለበት ትምህርት ቤት እራትና ቁርስ 1,000 ሰሃን ነው። ሰኞ የሚራገፍ ጭነት ላይ የተመሠረተ ወጥ ቤት ሐሙስ ዕለት ይህን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከዲሴምበር እስከ ማርች የማይበላሽ ነገር በተጠባባቂ መያዝ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2014 ውስጥ፣ ሌላ የበረዶና የግግር ወጀብ መጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ቀድሞ ታወጀ፣ ትምህርት ቤቶች ቀድመው ዘጉ፣ ሃይዌዮቹ ባዶ ሆኑ። የመብራት መቋረጡ ብዙ ቤት ቢያስቸግርም ልጅ ግን መንገድ ላይ አላደረም። ጆርጂያም ከዚያ ወዲህ የራሷን የአየር ትንበያ ባለሙያ ቀጠረች፣ ቀድሞ የጨው ውሃ መርጨትም ተለመደ።

ችግሩ የደቡብ ብቻ አይደለም። ኖቬምበር 15 ቀን 2018 ኒው ዮርክ የወቅቱን የመጀመሪያ በረዶ ያየችው እንዲሁ በሥራ ሰዓት ነው። ጥቂት ወርዶ ወደ ዝናብ ይለወጣል የተባለው ሴንትራል ፓርክ ላይ 6.4 ኢንች ደረሰ። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የጫኑ አውቶቡሶች ሰዓታት ቆሙ፤ ወላጆችም ልጆቻቸው የት እንዳሉ ማወቅ አቃታቸው። የከተማዋ ምክር ቤት በ2019 መጀመሪያ አውቶቡሶች ሁሉ ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ (ጂፒኤስ) እንዲኖራቸውና ወላጅ እንዲከታተል የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

አትላንታ ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ላይ 2.1 ኢንች በረዶ አገኘች፤ ከ2018 ወዲህ ከ1 ኢንች በላይ ሲወርድ የመጀመሪያው ነበር። በዋዜማው ሐሙስ ዕለት አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ትልልቆቹ ዲስትሪክቶች ዓርብ ሕንፃዎቻቸው ዝግ እንደሚሆኑ ወይም ትምህርቱ በኢንተርኔት እንደሚሆን አሳወቁ። መጠኑ ከ2014ቱ በግማሽ ኢንች ብቻ ያነሰ ነው፤ ልጆቹ ግን ቤታቸው ነበሩ።

ለወላጆች

በዲካልብና በክላርክስተን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ በፈረቃ ይሠራል፤ ኤርፖርት፣ ሆስፒታል፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲ። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ወሳኙ ዝግጅት የሚሠራው በኦገስት፣ የምዝገባ ቅጹ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ የሚደውለው ቅጹ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው። ስልክ ሲቀየር እሱም መቀየር አለበት። ልጁን ሊወስድ የሚችል ሌላ ሰው፣ ጎረቤት ወይም የቅርብ ዘመድ፣ ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይመዝገብ። «እትዬ እልፍነሽ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው መታወቂያው ሌላ ስም ካለው ልጁን አይሰጡትም፤ ሊሰጡትም አይገባም። በትምህርት ቤቱ አካባቢ በእግር የሚደርስ ሰው በመኪና 10 ደቂቃ ርቆ ካለ ዘመድ ይመረጣል። የመገናኛ ቋንቋ በሚለው መስመር ላይ አማርኛ ተብሎ ይሞላ፤ የፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ ዲስትሪክቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ መረጃ እንዲያደርሱ ያስገድዳል። ይህ ካልተሞላ ግን ማንም አያስታውሰውም። ማታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ነርሷን ተጠባባቂ መያዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

በረዶ በተነገረ ምሽት ደግሞ የአየር ትንበያ አገልግሎቱ ገጽ ላይ የሰፈሩን ዚፕ ኮድ አስገብቶ የሰዓት በሰዓቱን ሰንጠረዥ መክፈት ይበቃል። ሁለት መስመር ይታይ፤ በረዶው የሚጀምርበት ሰዓትና በዚያ ሰዓት ያለው ሙቀት። የሚጀምርበት ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ሰዓት መካከል ወድቆ ሙቀቱ ከ32 ፋራናይት በታች ከሆነ፣ ዲስትሪክቱ ትምህርት አለ ቢልም ልጁን ለማስቀረት በቂ ምክንያት አለ። ልጁ ከሄደ ግን ቻርጀር፣ ወፍራም ካልሲና የማይበላሽ ምግብ ቦርሳው ውስጥ ይግባ፤ መልእክት ሳይመጣም በመኪና ሊወስዱት ከወጡ፣ በረዶው ከመጀመሩ 2 ሰዓት በፊት ይሁን። ከጀመረ በኋላ ያለ ልጅ ሕንፃው ውስጥ ቢቆይ ይሻለዋል።